ሽንኩርቱ ጥርሴ ሥር ሲገባ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምግብ እመርጣለሁ። ወጥ ውስጥ የሽንኩርት ቁራጭ ጥርሴ ሥር ከገባ ያስመልሰኛል። የእንቁላል ሽታ ያቅለሸልሸኛል፤ ሥጋ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ቲማቲም አልነካም። የምበላው ዳቦ፣ ፓስታ፣ የድንች ጥብስና እንጀራ በሽሮ ነው፤ ያውም ሽሮው የላመ ከሆነ። በቅርቡ ላገባ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር የእጮኛዬ እናት ዶሮ ወጥ ሊያጎርሱኝ ሲሉ እሳቀቃለሁ። ቤተሰቦቼ «ቅብጠት ነው» ይሉኛል። እውነት ቅብጠት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 31 ዓመት ሙሉ የሚቀብጥ ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ያ የላመ ሽሮ በምን የተሠራ ይመስልዎታል? ሽንኩርት አለበት እኮ! ቁሌቱ ውስጥ ሟሟ እንጂ የትም አልሄደም። ስለዚህ ጠብዎ ከጣዕሙ ጋር ሳይሆን ከቁራጩ ጋር ነው፤ ከላመው መሃል ድንገት ከሚያሟልጨው ነገር ጋር። ምግብ የሚመርጡ ብዙ አዋቂዎች እንዲሁ ናቸው። አፋቸው ልስላሴንና ሻካራነትን አጉልቶ ይሰማል፤ ያልጠበቀው ሲገጥመው ጉሮሮ ይዘጋል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ዝንባሌው በዘርም ይወረሳል። የእንቁላሉ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል፦ በልጅነት አንዴ በልተው ታመው ከነበረ፣ ያሳመመዎት እንቁላሉ ባይሆንም አእምሮ ያንን ሽታ ለዓመታት ይይዛል።

መምረጥ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሰውነት ሲጎዳ ወይም ኑሮ ሲታወክ ግን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የአመጋገብ መታወክ አድርጎ መዝግቦታል። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ከመራብ የተለየ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የበሉት ሳይሆን የቀረው ነው። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ሲብስም የዓይን ነርቭ ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ የደም መጠን፣ የብረትና የቢ12 ምርመራ ያድርጉ። ልጅ ካሰቡም ከማርገዝዎ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይጀምሩ። ሲበሉ ጉሮሮ ወይም ከንፈር የሚያብጥ፣ ሰውነት የሚያሳክክ ከሆነ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ያንን ምግብ ደግመው አይሞክሩ፤ ይመርመሩ።

ልምምዱን ከሽሮው ይጀምሩ። ቤትዎ፣ ብቻዎን፣ ራብ ሲልዎት። ሽንኩርቱ ከወትሮው ትንሽ ብቻ ሳይሟሟ ይቅር፤ አንድ ጉርሻ ይበቃል። መትፋት ይፈቀዳል። አሥር ጊዜም ሊፈጅ ስለሚችል በሦስተኛው አይተዉት። ካልሆነ በአመጋገብ መታወክ ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያግዝዎታል።

ስለ ጉርሻው፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ያለው ሰው የእርስዎን ጉሮሮ አላሰበም። እጮኛዎ ለእናታቸው ከበዓሉ በፊት ይንገሩ፤ ገበታ ላይ ከእርስዎ ከተሰማ «እጄን ናቀች» ያሰኛል። እርስዎም ቀድመው ያጉርሷቸው። ተራው ሲደርስዎ፣ ከቻሉ፣ እንጀራውን ከቁሌቱ ብቻ ነካ አድርገው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ የዶሮ ወጥ ቁሌት ለረጅም ሰዓት ተቁላልቶ የላመ ሽንኩርት ነው።