ልጅዎ አንድ ሴሚስተር አየርላንድ ልማር ካለች

ሰላም እናታችን። ጥያቄዎን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅዎ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ የስፕሪንጉን ሴሚስተር አየርላንድ መማር ፈልጋለች፤ ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። “ቪዛው፣ ወጪው፣ ብርዱ እንዴት ነው? ልላካት ወይስ ትቅርብኝ?” ነው ያሉት። እኔም ልክ እንደሷ በግሪን ካርድና በእኛው ፓስፖርት ከሜሪላንድ ተነስቼ ኮርክ ከተማ ተምሬያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልዘርግፈው።

በአጭሩ፣ ይላኳት። ምርጫው በእጇ ከሆነ ግን ከደብሊን ይልቅ ኮርክን ወይም ጎልዌይን ብትመርጥ ደስ ይለኛል። ደብሊን የቤት ኪራዩ አይቀመስም። ደግሞ የአሜሪካ ተማሪ ስለሚበዛባት ከአሜሪካ የወጡ አይመስልም።

መጀመሪያ ወረቀቱ። አብረዋት የሚሄዱት አሜሪካውያን ቪዛ አያስፈልጋቸውም። የእኛ ፓስፖርት ግን ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድም እዚህ ላይ አያድንም። የፕሮግራም አስተባባሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ ልብ አይሉትም። ለሁሉም በጅምላ “ቪዛ አያስፈልግም” ብለው ኢሜይል ይልካሉ፤ ልጅቷ እንዳትዘናጋ። የሚያስፈልጋት “ዲ” የሚባለው የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 60 ዩሮ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ባሉት 3 ወራት ውስጥ ስለሆነ፣ ለጃንዋሪ ጉዞ ኦክቶበር ላይ ወረቀቱ ሁሉ እጇ ላይ መሆን አለበት፦ የቅበላ ደብዳቤ፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የእርስዎ የባንክ ስቴትመንት። አካውንትዎ ላይ ድንገት ዱብ ያለ ገንዘብ ካለ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ። ዕቁብ ወጥቶልዎት ከሆነ፣ ዕቁብን ለአየርላንድ ቪዛ ክፍል ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከገባች በኋላ ከ90 ቀን በላይ ስለምትቆይ ተመዝግባ የመኖሪያ ካርድ ታወጣለች። 300 ዩሮ ነው፤ ይህን አሜሪካውያኑም ይከፍሉታል። ለአንድ ሴሚስተር ለሚመጣ ተማሪ የሚሰጠው ፈቃድ “ስታምፕ 2ኤ” ይባላል፤ ሥራ መሥራት አይፈቅድም። “ካፌ እየሠራሁ ኪሴን እደጉማለሁ” ካለችዎት ሒሳቡን ያለዚያ ይሥሩት።

ለግሪን ካርዷ አይስጉ። ከ6 ወር በታች የሆነ ጉዞ ለዜግነት የምትቆጥረውን ጊዜ አያቋርጥባትም። ለዜግነቷ ጥቂት ወራት ብቻ ከቀሯት ግን ጉዞውን ለፎል ገፍታ በሰማያዊው ፓስፖርት ብትሄድ ይሻላል፤ የቪዛው ጣጣ ይቀርላታል። ገንዘቡም ላይ ለውጥ አለው። ፔል ግራንት (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ) የምታገኝ ከሆነ ዩኒቨርሲቲዋ ላጸደቀው ፕሮግራም ግራንቷን ይዛ መሄድ ትችላለች። እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጠው የጊልማን ስኮላርሺፕ ግን ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይንገሯት። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም በአንድ ቪዛ የሚኬድባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ ሸንገን የሚባለው፣ ውስጥ የለችም። በአየርላንድ ቪዛ ፓሪስም ባርሴሎናም አይኬድም። እዚያው ደሴት ሰሜን ያለችው ቤልፋስት እንኳ የዩናይትድ ኪንግደም ናት። አውቶቡሱ ድንበሩ ላይ ሳይቆም ያልፋል፤ በሕግ ግን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋታል፤ እንዳትሞክረው።

ይህ ነገር መጀመሪያ አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ሐሙስ ማታ አሜሪካውያኑ ጓደኞቼ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በርካሽ ትኬት ይበራሉ፣ እሑድ ማታ ዓይናቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። አየርላንዳውያኑ ተማሪዎች ደግሞ ዓርብ ከሰዓት የቆሸሸ ልብሳቸውን ሸክፈው ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ግቢው ጭር ይላል። እኔ የትም መሄድ ስለማልችል የተራራ ጉዞ ክለብ ገባሁ፤ ብዙ እሑድ ኬሪ ተራሮች ላይ በጭቃ ስንቦካ ውለን እንገባ ነበር። የምለው ጓደኞች ያገኘሁት እዚያ ነው። አሜሪካዊ ፓስፖርት ቢኖረኝ አላገኛቸውም ነበር። ስለዚህ ልጅቷ በመጀመሪያው ሳምንት ክለብ ትመዝገብ። ሁለተኛው ወር ላይ ሁሉም ጓደኛውን ይዞ ጨርሷል።

ቤት። ዶርም ካገኘች ጥሩ ነው። ካላገኘች ለአምስት ወር ብቻ የሚያከራይ አፓርታማ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው፤ ሳያዩ ቀብድ መላክ ደግሞ ለአጭበርባሪ ሲሳይ መሆን ነው። እዚያ አገር “ዲግስ” የሚሉት አለ፦ በሰው ቤት አንድ ክፍል መከራየት። በራሱ ቤት ክፍል የሚያከራይ ሰው በዓመት እስከ 14,000 ዩሮ ድረስ ግብር ስለማይከፍልበት ብዙ ቤተሰብ ያከራያል። ብዙዎቹ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚያከራዩት፤ ቅዳሜና እሑድ ተከራዩ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል ብለው ስለሚያስቡ። “ሰባቱንም ቀን ነው ወይ?” ብላ ትጠይቅ።

እኔ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ነበርኩ። እዚያ ቤት ሕግ አንድ ነበር፦ የውሃ ማሞቂያው። ፎቆች መካከል ባለችው የልብስ ቁም ሳጥን በር አጠገብ ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ አለች። ሻወር ልትወስጂ ስትይ ግማሽ ሰዓት አስቀድመሽ ታበሪያለሽ፣ ስትጨርሺ ታጠፊያለሽ። ማጥፋቱ ከተረሳ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ሙቅ ውሃ ቀኑን ሙሉ እንደልብ በሚፈስበት አገር ላደገ ልጅ ይህ ይከብዳል፤ ትለምደዋለች።

አገሬን ስነግራቸው ሴትዮዋ ዝም አሉና ትሮክራ የሚባለውን የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅት ሣጥን አነሱብኝ። በካቶሊኮች የዐቢይ ጾም ወቅት በየቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የካርቶን የሳንቲም ሣጥን ናት። በእኛ 77 ረሃብ ጊዜ ልጆቻቸው ሳንቲም የሚጨምሩባት ለኢትዮጵያ ነበር። ልጅዎ ይህን ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ትሰማለች። አንዳንዴ ያሳቅቃል። የእነሱም አገር ከ1845 ጀምሮ በድንች በሽታ በመጣ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ስላለቀበት ግን የሚያወሩት ከላይ ወደ ታች እያዩ አይደለም። እኔ ወሬውን ወደ ሩጫ ማዞር እወድ ነበር። ከኮርክ በባቡር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ኮቭ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ የሶንያ ኦሱሊቫን አገር ናት፣ ሐውልቷም ባሕሩ ዳር ቆሟል። ሲድኒ 2000 ላይ በ5,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘችው እሷ ናት፤ ነሐሱ የጌጤ ዋሚ ነበር። የኮርክ ታክሲ ነጂ ዘንድ “ጌጤ” የሚለው ስም ከማንኛውም መታወቂያ ይበልጣል።

ጥቁር በመሆኗ ትቸገር ይሆን ላሉት፣ እውነቱን ልንገርዎት፦ ማታ ማታ ከአውቶቡስ ፌርማታ የሚጮሁ ጎረምሶች አይጠፉም። ከዚያ ያለፈ አልገጠመኝም፤ የሌላ ሰው ገጠመኝ ግን ሊለይ ይችላል።

ትምህርቱ ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጥያቄና ፈተና በየሳምንቱ የለም፤ መቅረትሽን የሚቆጥር ብዙም የለም። አንድ ድርሰት ወይም ፕሮጀክት፣ ከዚያ አብዛኛውን ነጥብ የያዘ የመጨረሻ ፈተና ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ላይ። አሜሪካ የለመደ ተማሪ እስከ ማርች ዕረፍት ላይ ያለ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ማለፊያው ከ100 40 ነው፤ 70 የመጀመሪያ ማዕረግ ነው፤ ከ80 በላይ ማየት ብርቅ ነው። “62 አገኘሁ” ብላ ብትደውልልዎ አያልቅሱ፣ ደህና ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ያንን 62 ወደ ምን እንደሚቀይረው ግን ከመሄዷ በፊት ከአድቫይዘሯ በጽሑፍ ትያዝ። ሙሉ ሴሚስተር በአውሮፓ ክሬዲት 30 ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 15 አድርጎ ይቀበለዋል።

ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሆነች ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኮርክ ደስ ይላታል። የመጀመሪያው የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ጆርጅ ቡል ነበር፤ እሷ ኮድ ስትጽፍ በየቀኑ የምትጠቀምበት የእውነትና የሐሰት አልጀብራ የእሱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም በስሙ ተሰይሟል። ሰውዬው በ1864 በዶፍ ዝናብ 3 ማይል ያህል በእግሩ ተጉዞ፣ ልብሱ እንደረጠበ አስተምሮ፣ ሳንባው ታሞ በ49 ዓመቱ ሞተ። ብርዱን ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ብዙም አይወርድም፤ የሜሪላንድ ክረምት ይብሳል። ግን እርጥበቱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጃንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይግዙላት።

ስንቅ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአሜሪካ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቋንጣም ንጥር ቅቤም አይታሰብም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተፈጨ ኮረሪማና ኮሰረት ይላኩላት፤ ቅቤውን እዚያው ታንጥራለች። ኮርክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ትልቁ የቅቤ ገበያ የነበረባት ከተማ ናት፤ ሻንዶን ሰፈር የቅቤ ሙዚየም ሳይቀር አላት። ሱፐርማርኬት ያለው ተራ ቅቤ እንኳ ሣር ከምትግጥ ላም የመጣ፣ ቢጫ ነው። ኮረሪማ ገብቶበት ሲነጠር ሴትዮዋ ከላይ ወርደው “ምንድን ነው ይሄ?” አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በተቀቀለ ድንች ላይ እሱን ብቻ ነበር የሚያደርጉት። ጾም ከገባ ደግሞ እንግሊሽ ማርኬት የሚባለው የድሮ ገበያ ውስጥ ወይራ ፍሬ፣ ዳቦና አሳ ሞልቷል፤ አሳው ላይ የእርስዎ ቤት ሥርዓት ይወስን።

ስትመለስ ትኬቷ ከደብሊን ወይም ከሻነን ይሁን። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን እዚያው ኤርፖርቱ ውስጥ ስላለ ግሪን ካርዷን አይተው ያሳልፏታል፤ እዚህ ስትደርስ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። በረራው ሦስት ሰዓት ሲቀረው ኤርፖርት ትገኝ፤ ሰልፉ ረጅም ነው። የቪዛውን ፎርም ስትሞላ ከተቸገረች ራሷ እዚህ ትጻፍልኝ።