የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናን ኢንሹራንስ «ለውበት ነው» ብሎ ከከለከለ

ወንድሜ፣ የታችኛው መንጋጋህ ወደ ኋላ ቀርቶ ማኘክ እየከበደህ ኢንሹራንሱ «ይሄ ለውበት ነው፣ አንከፍልም» ማለቱ ያናድዳል። ግን ነገሩ አላለቀም።

መጀመሪያ የውል ሰነድህን አውጣና «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል በደንብ አንብብ። የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና እዚያ በስም ከተጠቀሰ ይግባኙ በጣም ይከብዳል። ካልተጠቀሰ ግን ክርክሩ አንድ ነገር ላይ ነው፦ ችግሩ የመንጋጋህን ሥራ ማስተጓጎሉን ማሳየት።

ስለዚህ ሐኪምህ «መንጋጋው ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ብቻ አይጻፍልህ። የፊት ጥርሶችህ ስለማይገጥሙ ምግብ ቆርሰህ መብላት ካቃተህ እንደዚያው ይጻፈው። ስትተኛ ትንፋሽህ የሚቋረጥ ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ውጤት ይያያዝ፤ ይሄ ትልቅ ክብደት አለው። የጎን ራጅና በሚሊ ሜትር የተለካ ልኬትም ያስፈልጋል። ብዙ ኩባንያዎች የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቀድመው መውጣታቸውን ያያሉ።

ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ) አብዛኛውን ጊዜ በጥርስ ሽፋን ስር ስለሚታይ ለብቻው ጠይቅ።

የይግባኙ ቀነ ገደብ የእምቢታው ደብዳቤ ላይ ይኖራል፤ ዛሬውኑ እየው። እባክህ፣ የኢንሹራንሱ የቅድሚያ ፈቃድ (ወጪውን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማጽደቁ) በጽሑፍ እጅህ ሳይገባ የቀዶ ሕክምና ቀን አትቁረጥ።