«ጠበሉን ልጨርስና ነው ወይስ አሁኑኑ ልታከም?» ከሐዋሳ የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ ነው የምኖረው። የ41 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከአራት ወር በፊት ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ስለማያመኝ ዝም አልኩት። አሁን ሪፈራል ሆስፒታል ናሙና ተወስዶ የጡት ካንሰር ነው ተባልኩ። መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር ብለውኛል። የፊታችን ማክሰኞ ኬሞ እጀምራለሁ። እናቴ ግን «ቢላ ከነካው ይበተናል፤ መጀመሪያ ሁለት ሱባዔ ጠበል ግቢ» ትላለች። ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት እየጠቀሰች ሐኪም ምን ፈየደላት ትለኛለች። መታከሜ እምነት ማጣት ነው? ዐቢይ ጾምም እየገባ ነው፤ መጾምና መቁረብ እችላለሁ? ይህስ የመጣብኝ በኃጢአቴ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ዋናውን ላስቀድምልሽ፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። የማክሰኞውን ቀጠሮ አታሳልፊ። መታከምሽ እምነት ማጣት አይደለም።

እናትሽ የጠቀሱት ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ያለውን ነው። ሴቲቱ 12 ዓመት ደም ፈሷታል። ገንዘቧን ለባለ መድኃኒቶች፣ ማለትም ለሐኪሞች፣ ጨርሳለች፤ አልተሻላትም። እውነት ነው። ግን ጌታችን «እምነትሽ አድኖሻል» አላት እንጂ «ለምን ታከምሽ» አላላትም። ይህንኑ ታሪክ ከጻፉት ወንጌላውያን አንዱ ሉቃስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ ባለ መድኃኒቱ የሚለው ሉቃስ! ጌታም ስለ ራሱ ሥራ ሲናገር ሐኪም የሚያስፈልገው ለሕመምተኛ ነው ብሎ መሰለ።

መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ለእናትሽ አንብቢላቸው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ስትታመም ጸልይ ይላል። ከኃጢአትህ ተመለስ ይላል። መሥዋዕት አቅርብ ይላል። በዚያ ሳያበቃ ለባለ መድኃኒቱ ቦታ ስጠው ይላል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ንጉሥ ሕዝቅያስንም አስቢው። አልቅሶ ጸለየ፤ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። እንዲያም ሆኖ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋው መድኃኒቱን አላስቀረውም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ታላቅ እህቴ እብጠቷን ስታሳየኝ ከባቄላ አይበልጥም ነበር። እኔ ያኔ ገና ማስተማር መጀመሬ ነው። «ጠበሉን ጨርሺና ትሄጃለሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ሱባዔ 14 ቀን ነው፤ 14 ቀን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን 14ቱ 40 ሆነ፣ በ40ው ላይ ክረምቱ ተጨመረ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ወር አልፏል። ብብቷም አብጦ፣ ቆዳው ቆስሎ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ግን ዓመት አልቆየችም። ጎረቤቱ ሁሉ «ቢላ ነካው፣ ተበተነ» አለ። ቢላው ሳይነካው በፊት ተበትኖ ነበር። በአገራችን ይህ ወሬ የሚበረታው ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚመጣው በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ነው፤ ከዚያ ጥፋቱ ቀዶ ሕክምናው ላይ ይለጠፋል። እህቴን ጠበሉ አልበደላትም። የበደልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንቺን «ቆይ» ለማለት አፌ አይከፈትም።

አሁን ወደ ጠበሉ እንምጣ። ተዪው አልልሽም። በኤችአይቪ ጊዜም ይኸው ጭንቀት ነበር። መድኃኒት ጥለው ጠበል የገቡ ብዙዎች ተጎድተዋል። በኋላ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ላንቺም ነገሩ ያው ነው። ግን ኬሞ ላይ ያለ ሰው ጥንቃቄ አለበት። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል። ሰውነት ጀርም መከላከል ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ የሚወርደው ኬሞው ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ያልፈላ ውኃ መጠጣት ሊጎዳሽ ይችላል። ስለዚህ ለመጠጣት ሐኪምሽን ጠይቂ፤ እስከዚያው ግንባርሽን ተቀቢው፣ ይረጩሽ። የጠበል በረከት በሊትር አይለካም። በሌሊት ብርድ መጠመቁም ይቆይ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስፌቱ ሳይድን ውኃ አታስነኪው። እምነት (የቤተ ክርስቲያኑን አመድ) መቀባት ከፈለግሽ ግንባርሽ ላይ ይሁን። ቁስል ላይ አመድ መነስነስ ኢንፌክሽን ያመጣል። ይህን ስል የሚቀየሙኝ አሉ፤ ቢሆንም እለዋለሁ። ጨረር ስትጀምሪ ደግሞ ቆዳሽ ላይ በቀለም ምልክት ያደርጉልሻል። ባለሙያው ሳይፈቅድ እንዳታጥቢው፣ ቅባትም እንዳታስነኪው። ማተብሽን አውልቂ ከተባልሽም አትደንግጪ። እጅሽ ላይ እሰሪው ወይ ለእናትሽ ስጫቸው። ክርስትናሽ ከአንገትሽ ጋር አይወልቅም።

ስለ ጾሙ። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምንና ረቡዕ ዓርብን ያልጾመውን ይገሥጻል፤ በሕመም የተከለከለውን ግን ለይቶ ያወጣዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ ሕመምህ ጥቂት ወይን ጠጣ ይለዋል። ጾም የበረታን ሥጋ ለማድከም የተሠራ ነው። ያንቺን ሥጋ ኬሞው ያደክምልሻል። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ብዪ ካለሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና በቡራኬ ብዪው፤ ተደብቀሽ አትብዪው። ተደብቆ መብላት ነው ኅሊናን የሚያቆስለው። 55ቱን ቀን በሌላ ትጾሚዋለሽ፦ በምላስ፣ በጸሎት፣ ከቂም በመራቅ። ስግደቱንም ተዪው። በተለይ ከብብትሽ ስር ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖድ) ከተወሰዱ በኋላ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። በእጅሽ መሬት ላይ ተደግፎ መነሣት ሊጎዳው ይችላል። ቆመሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ። መቆም ካቃተሽም ተቀመጪ፤ መቋሚያ የተሠራው እኮ ለደከመ ነው።

ቁርባኑ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሕመምተኞች አፍረው የማይጠይቁት ነገር ስላለ። ኬሞ ያስመልሳል። ሰው ቆርቦ ቢያስመልሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ አይቻለሁ። የሚሻለው ቀኑን መምረጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ኬሞ በ21 ቀን አንዴ ይሰጣል። ማስመለሱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሦስተኛው ሳምንት፣ ቀጣዩ ዙር ሊደርስ ሲል፣ ሰውነት ትንሽ ያገግማል። ያን ጊዜ ቁረቢ። ነጭ የደም ሴሉም ያኔ ከፍ ይላል፤ ከሰው መሐል መግባቱም ይቀልልሻል። (በገብርኤል ዓመታዊ በዓል እንዴት እንደምንጋፋ ታውቂዋለሽ። በዚያ ዓመት ቤትሽ ሆነሽ ስሙን ጥሪ።) ከቁርባን በፊት ያለው የጾም ሰዓት ከከበደሽ፣ በሰዓት የሚዋጥ ኪኒንም ካለሽ ለንስሐ አባትሽ ቀድመሽ ንገሪ። ቀንዲልም፣ ለታመመ ሰው የሚጸለይበትን የዘይት ቅባት፣ ጠይቂያቸው። ቀንዲል የሞት ምልክት የሚመስለው ሰው አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ ያዘዘው ግን የታመመው እንዲነሣ ነው።

በኃጢአቴ ነው ወይ ብለሻል። አይደለም ልበልሽ፤ በግልጽ፣ እንዳታጠራጥሪ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠየቁ። ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» አላቸው። ንስሐ ግቢ፤ እኔም ልግባ፤ ሁላችን ኃጢአተኞች ነን። ንስሐሽን ግን የካንሰርሽ ካሳ አታድርጊው። የኢዮብ ወዳጆች የተገሠጹት እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ ነው። ቡዳ ነው፣ መተት ነው የሚሉሽንም አትስሚ። አንቺ ላይ ሌላ ሸክም ጭነው ከጎረቤትም ያጣሉሻል።

አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳትጽፊው አንብቤዋለሁ። ጡቴ ከተነሣ ሴትነቴስ ትያለሽ። ፀጉርሽም ይረግፋል፤ ነጠላሽ ይሸፍንሻል፣ ፀጉር ደግሞ ይመለሳል። ጡት ግን አይመለስም፤ ልታለቅሺለት ይገባል። «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው» እያሉ ለቅሶሽን የሚያቋርጡ አሉ፤ አልቅሺ። ጳውሎስ ስለዚህ ሥጋችን «በድካም ይዘራል፥ በኃይል ይነሣል» ይላል። ባልሽን አትደብቂው። ሐኪሙ ሲያስረዳ አብሮሽ ይስማ፤ ወሬውን ከጎረቤት ከሚሰማው ይሻላል።

ሕክምናው ሲያልቅም ነገሩ አያልቅም። እንደ በሽታው ዓይነት ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን ለአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በየቀኑ ሊታዘዝልሽ ይችላል። የምፈራልሽ ያን ጊዜ ነው። ፀጉርሽ ያበቅላል፣ ፊትሽ ይመለሳል፣ ሰው «ድነሻል እኮ፣ ኪኒኑ ምን ያደርግልሻል፣ እምነት የለሽም?» ይላል። ምስክርነትሽን ስጪ፤ ስለትሽንም አድርሺ። ኪኒኑን ግን ዋጪ። የክትትል ቀጠሮ ሲደርስ ልብሽ ይመታል፤ ትንሽ ውጋት ሲሰማሽ «ተመለሰ» ትያለሽ። ይህን ፍርሃት እንደ ክህደት አትቁጠሪው። ጌታም በጌቴሴማኒ ተጨንቆ ጸልዮአል።

የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ፤ በጸሎት እንድናስብሽ። ማክሰኞ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ደጅ አይቅሩ። ጠበሉን በሃይላንድ ይያዙትና ግንባርሽን ይቀቡሽ። ኬሞው በደም ሥርሽ እየገባ ሳለ አጠገብሽ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይድገሙልሽ፣ የማክሰኞውን።