ከሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ወጥቻለሁ፤ ሚስዮናውያኑ ግን በሬን ማንኳኳት አልተዉም

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር የምኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። አዲስ መጥተን ቤታችን ባዶ ሳለ የሞርሞን ሚስዮናውያን ፍራሽ ሳይቀር ተሸክመው አምጥተውልን ነበር። በኋላም ተጠመቅን። እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ መሄድ አቁሜያለሁ፤ አላምንበትምና። ባለቤቴ አሁንም ይሄዳል። ችግሩ በየጥቂት ሳምንቱ ክራባት ያሰሩ ሁለት ልጆች በራችንን ያንኳኳሉ። «ዛሬ አይመቸኝም» ብዬ ስመልሳቸው በሌላ ጊዜ ሌሎች ይመጣሉ። የዋርዱ (የሰፈራችን ምእመናን ጉባኤ) ሴቶችም ኩኪስ ይዘው ብቅ ይላሉ። በቅርቡ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄ በር ከፍታላቸው ወደ ልጆች ፕሮግራም ጋብዘዋታል። ፖሊስ መጥራት እችላለሁ? ልክሰሳቸው? የከፈልኩት አስራትስ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ፖሊስ መጥራት ይችላሉ፤ ዛሬ ግን አይጥሩ። ዛሬ ቢደውሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት «እንዳይመጡ ነግረዋቸዋል?» የሚል ነው። እርስዎ ያሉት «ዛሬ አይመቸኝም» ነው። እንዲህ የተባለ ሰው በሌላ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ምን አጠፋ? ይሉኝታ ይዞዎት እንደሆነ ይገባኛል። ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃ የወጣን ሰው «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ማለት ይከብዳል። ሕጉ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም።

በር ለበር እየዞሩ ስለማስተማር የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ስትራዘርስ የተባለች የኦሃዮ ከተማ ወረቀት ለማደል የሰው በር ማንኳኳትን ከልክላ ነበር። አንዲት የይሖዋ ምስክር በዚህ ተቀጥታ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ደንቡ ተሻረ። በ2002 ደግሞ ስትራተን የምትባል ሌላ የኦሃዮ መንደር «ከማንኳኳታችሁ በፊት ፈቃድ አውጡ» አለች። ይሄም በ8 ለ1 ድምፅ ወደቀ። እነዚህ ፍርዶች ለሚስዮናውያኑ የሚያደሉ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ለእርስዎም የሚሆን ነገር አለ፦ ከተማው ለነዋሪው ሁሉ ሊወስን አይችልም፤ ማንን ልቀበል ብሎ የሚወስነው የቤቱ ሰው ነው።

በ2013 ይኸው ፍርድ ቤት ፍሎሪዳ ውስጥ በፖሊስ ውሻ ምክንያት በተነሳ ጉዳይ ነገሩን ይበልጥ አፍታታው። ማንም ሰው በመግቢያው በኩል መጥቶ ማንኳኳት፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያም የሚያስገባው ካጣ መሄድ ይችላል። ይህን የሚያደርገው በልማድ እንደተሰጠ በሚቆጠር ፈቃድ ነው። ፈቃድ ከሆነ ደግሞ ይነሳል። በቤትዎ በር ላይ ያለውን ፈቃድ ማንሳት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ሲያነሱት ግን በማያሻማ መንገድ ይሁን።

ሁልጊዜ አዲስ ፊት የሚያዩበትም ምክንያት አለው። ሚስዮናውያን ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ። ወንዶቹ ለ2 ዓመት፣ ሴቶቹ ለ18 ወር ያገለግላሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር፣ ከጓደኛ ጓደኛ ይቀያየራሉ። ባለፈው ወር «አይሆንም» ያሏቸው ልጆች አሁን ሌላ ከተማ ይሆናሉ። ተተኪዎቹ የሚያውቁት ከነሱ በፊት የነበሩት መዝግበው የተዉትን ብቻ ነው። ስለዚህ በር ላይ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። እነዚህ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው፤ አለቃ አላቸው። አለቃው ሚሽን ፕሬዚዳንት ይባላል። የአካባቢዎን ሚስዮናውያን የሚመራው እሱ ነው። ዋርዱን ደግሞ ቢሾፑ ያስተዳድራል። መልእክትዎ መድረስ ያለበት ለሁለቱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይወስኑ። መሄድ ማቆምና አባልነትን መልቀቅ ለየቅል ናቸው። እርስዎ መሄድ አቆሙ እንጂ በቤተ ክርስቲያኗ መዝገብ ዛሬም አባል ነዎት። የዋርዱ ሴቶች ኩኪስ ይዘው የሚመጡትም ተመድበው ሊሆን ይችላል። ከ2018 ጀምሮ ሚኒስተሪንግ በሚሉት አሠራር አባላት ሌሎች አባላትን እንዲጠይቁ ይመደባሉ። ስምዎ መዝገቡ ላይ እስካለ ድረስ ጠያቂ ሊመደብልዎት ይችላል። ቤት ቢቀይሩም መዝገቡ ወደ አዲሱ ዋርድ ይከተልዎታል።

ሙሉ በሙሉ መውጣት ከፈለጉ፣ አባልነቴን ለቅቄያለሁ የሚል ቀን ያለበትና የተፈረመበት ደብዳቤ ለቢሾፑ ይሰጣሉ። ኢሜይል አይበቃም። ቢሾፑን ማየት ካልፈለጉ ደግሞ ደብዳቤውን ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ባለሥልጣን) ፊት ፈርመው እዚያው ከተማዎ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይላኩ። ሙሉ ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎንና አድራሻዎን ይጻፉ። «ቢሮ ብቅ በይና እንነጋገር» የሚል ጥሪ ሊመጣ ይችላል። የመሄድ ሕጋዊ ግዴታ የለብዎትም። ለምን እንደወጡም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ምክንያቱን አምስት ገጽ ጽፎ ስለሚልክ ነው፤ አምስት ገጽ ክርክር ደግሞ ሌላ ክርክር ይወልዳል።

የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በአንድ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ላይ ጥሩ ፍርድ ሰጥቷል። አንድ ቤተ ክርስቲያን አባሉን የመገሠጽ ሥልጣን የሚያገኘው ከአባሉ ፈቃድ ነው፤ አባሉ ለቅቄያለሁ ካለ በኋላ ያ ሥልጣን ያበቃል አለ። ፍርዱ የዩታን ፍርድ ቤቶች አያስገድድም። ጠበቃ ግን ይጠቅሰዋል። በእነሱ እምነት ከለቀቁ በኋላ መመለስ ቢፈልጉ እንደገና መጠመቅ አለብዎት። ልብዎ ገና ካልቆረጠ አባልነቱን ሳይነኩ ጉብኝቱን ብቻ ማስቆምም ይችላሉ።

ጉብኝቱን የሚያስቆመው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ሐሳቡ ይህን ይመስላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሚስዮናውያንም ሆኑ በቤተ ክርስቲያኑ የተመደቡ አባላት ወደዚህ አድራሻ እንዲመጡ አልፈቅድም። በስልክም፣ በጽሑፍ መልእክትም እንዳያገኙኝ እጠይቃለሁ። ያለ እኔ ፈቃድ ልጄን እንዳያነጋግሩ። ይህን መልእክት መዝገባችሁ ላይ አስፍሩልኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሰው ያለ ፈቃድ እንደገባ እቆጥረዋለሁ።» ስድብ የለበትም፤ ዛቻም የለበትም። ለቢሾፑና ለሚሽን ፕሬዚዳንቱ በሰርቲፋይድ ሜይል (በአደራ ፖስታ) ከመድረሻ ደረሰኝ ጋር ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ያቺ ትንሽ አረንጓዴ ካርድ በኋላ ከአንደበትዎ ይልቅ ትመሰክርልዎታለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ባለቤትዎ። ቤቱ የእሱም ነው። እርስዎ ያነሱትን ፈቃድ እሱ መልሶ መስጠት ይችላል። እሱ «ግቡ» ያላቸውን ልጆች ፖሊስ መጥቶ አያስወጣልዎትም። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ከእሱ ጋር ይነጋገሩ የምለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስምምነት ቀላል ነው፦ እሱ ከፈለጋቸው በራሱ ስልክ ይቀጥራቸውና እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ያግኛቸው፤ ቤት አይምጡ። ከተስማማችሁ ደብዳቤው ላይ አብሮ ይፈርም። የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ማንም የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም።

የልጅዎ ነገር ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጆች የሚጠመቁት 8 ዓመት ሲሞላቸው ነው። ልጅዎ ሰባት ዓመቷ ነው። ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ምናልባት የልጆች ፕሮግራሙ ግብዣም ከዚህ ጋር የተያያዘ ይሆናል። ፍርድ ቤት በትዳር ላይ ያሉ ባልና ሚስት በልጃቸው ሃይማኖት ሲጣሉ ገብቶ ይሄኛው ትክክል ነው አይልም። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ለማጥመቅ የአሳዳጊ ወላጆችን ፈቃድ የሚጠይቅ የራሷ ደንብ አላት። እናት እንደመሆንዎ እንደማይፈቅዱ ለቢሾፑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ከጉብኝቱ ደብዳቤ ለይተው። የእናት ተቃውሞ በጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦለት ዝም ብሎ የሚያጠምቅ ቢሾፕ ይኖራል ብዬ አላስብም። ልጅቷንም በር እንዳትከፍት ይንገሯት። ይሄ ለማንም እንግዳ ቢሆን ያው ነው።

በሩ ላይ ምልክት መለጠፍም ይጠቅማል። ግን «ሶሊሲቲንግ (በር ለበር እየዞሩ መሸጥ) ክልክል ነው» የሚለው ብቻ አይበቃም። «እኛ የምንሸጠው ነገር የለም» ይሉዎታል፤ እውነታቸውንም ነው። ሃይማኖታዊ ጉብኝት እንደማይፈልጉ በግልጽ የሚል ይሁን። የምትኖሩት አፓርትመንት ውስጥ ከሆነ ኮሪደሩና ደረጃው የአከራዩ ነው። የኪራይ ውላችሁን አንብቡና ማኔጀሩን አነጋግሩት። ብዙ ሕንፃዎች በር ለበር መዞርን የሚከለክል ደንብ አላቸው፤ ማኔጀሩ ራሱ ሊያስወጣቸው ይችላል።

ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ቢመጡስ? በዩታ ሕግ አትግባ የሚለው ማስጠንቀቂያ በአካል ተነግሮ፣ በአጥር ወይም በሚታይ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን እያወቀ የገባ ወይም ውጣ ሲባል አልወጣም ያለ ሰው በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በተግባር ግን እንዲህ ያድርጉ። በሩን ሳይከፍቱ «እንዳትመጡ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ ሂዱ» ይበሉ። ከሄዱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደረታቸው ላይ ያለውን ስም መዝግበው ለሚሽን ፕሬዚዳንቱ ይላኩ። አብዛኛው ጊዜ ነገሩ እዚህ ያበቃል። አንሄድም ካሉ ወደ ፖሊስ ይደውሉ፤ 911 ሳይሆን አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ ወደሚደወልበት ቁጥር። ደብዳቤውንና ደረሰኙን ያሳዩ።

መክሰስን በተመለከተ፣ አሁን ባለው ሁኔታ ገንዘብዎን አያባክኑ። ሁለት ትሁት ልጆች በየጥቂት ሳምንቱ አንኳኩተው መሄዳቸው ዳኛ ፊት ማስፈራራት አይሆንም። በደብዳቤ ከተነገራቸው በኋላ ደጋግመው ከመጡ፣ ከተከታተሉዎት ወይም ሥራ ቦታዎ ድረስ ከዘለቁ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ጠበቃ ይያዙ። ስልክን በተመለከተ፣ አይደወልልኝ የሚለው የፌዴራሉ መዝገብ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ስለማይመለከት አይረዳዎትም። ቁጥራቸውን ብሎክ ያድርጉ። ጎረቤትዎ የሆነች ሴት በራሷ ፍላጎት ሰላም ልትልዎት ብትመጣ ደግሞ ጉዳዩ የሰፈር ኑሮ ነው፤ ኩኪሱን ተቀብለው ስለ ሃይማኖት ማውራት እንደማይፈልጉ ይንገሯት።

የት እንደሚሠሩ አልጻፉልኝም፤ ዩታ ስለሆነ ግን መናገር አለብኝ። አሠሪዎ የግል ድርጅት ከሆነና የፌዴራሉ ሕግ የሚመለከተው ከሆነ፣ አለቃዎ አባል ቢሆንም እንኳ ሃይማኖትዎን ስለቀየሩ ሊያባርርዎት አይችልም። አከራይዎም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ሊያስወጣዎት አይችልም። የሚሠሩት ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ባቋቋመችው ተቋም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ እዚያው ሶልት ሌክ ሲቲ የተነሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በምታስተዳድረው ጂምናዚየም የሕንፃ ሠራተኛ የነበረ ሰው ወደ ቤተ መቅደስ የሚያስገባውን ማረጋገጫ ባለመያዙ ተባረረ። ፍርድ ቤቱም ለትርፍ ያልቆመ የሃይማኖት ድርጅት ይህን ማድረግ ይችላል አለ። እርስዎም እንዲህ ያለ ቦታ ከሆኑ፣ ሌላ ሥራ ሳያገኙ የመልቀቂያውን ደብዳቤ አይላኩ።

አስራቱን ይርሱት። አንድ የቀድሞ አባል ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመለስልኝ ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከስሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2025 የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቤተ ክርስቲያኗ ፈረደ። ይልቅ አባልነትዎን ከመልቀቅዎ በፊት የከፈሉበትን ዓመታዊ መግለጫ አውርደው ያስቀምጡ፤ በታክስዎ ላይ ተቀናሽ አድርገውት ከነበረና አይ አር ኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ከጠየቀዎት የሚያሳዩት እሱን ነው።