ለሽመና ክፍል ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መከላከያ ይላክልኝ ወይ ላልሽው እህታችን

እህቴ አብሽሪ፣ በጊዜ ነው የጠየቅሽው። ኮምቦልቻ ሽመና ክፍል ኦፕሬተር ነኝ፣ ከሺፍት ስወጣ ጆሮዬ ጭው ይላል ብለሻል። ዱባይ ያለው አጎትሽ ብሉቱዝ ያለው ኤሌክትሮኒክ ኢርማፍ (ጆሮን ከውጪ የሚሸፍን መከላከያ) ልላክልሽ ብሎሻል፣ ፋብሪካው ደግሞ የስፖንጅ ኢርፕላግ (ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ መድፈኛ) ይሰጣችኋል። ሂጃብ እንደምትለብሺም ጽፈሻል። እኔም እዚያው ኮምቦልቻ የጥገና መካኒክ ነኝ፣ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ላንቺ ሥራ ኤሌክትሮኒኩን አልመክርሽም።

ብዙ ሰው ጫጫታውን የሚቀንሰው ባትሪው ይመስለዋል። አይደለም። ድምፅ የሚያግደው ጆሮን የሚሸፍነው ክዳንና ቆዳሽ ላይ የሚገጥመው ለስላሳ ትራስ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ሥራው ሌላ ነው። ውጪ ባለው ማይክ ዝቅ ያለውን ድምፅ ተቀብሎ ከፍ አድርጎ ያሰማሻል። ጫጫታው ሲበረታ ደግሞ በስፒከሩ የሚያስገባውን ይገድባል፤ ብዙዎቹ 82 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ያቆማሉ። ስለዚህ የሚጠቅመው እንደ እኔ ለሚመላለስ ሰው ነው። ከወርክሾፕ ወደ ሉም (የሽመና ማሽን)፣ ከሉም ወደ ኮምፕሬሰር ክፍል ስሄድ አላወልቀውም። ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ፣ ፎርክሊፍት ከኋላዬ ሲመጣም እሰማለሁ።

አለማውለቅ ትልቅ ነገር ነው። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ያለ መከላከያ 85 ዲሲቤል ላይ ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ ይላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ሉሞች በሞላ ሲሠሩ 97 የሚደርስ ክፍል ብርቅ አይደለም። እዚያ ውስጥ ለወሬ ብለሽ ግማሽ ሰዓት ካወለቅሽ የቀኑን ድርሻሽን ጨረስሽ ማለት ነው።

አንቺ ግን ከማሽንሽ አትርቂም። ጫጫታው ከሺፍት መግቢያ እስከ መውጫ ያው ነው፣ ዝም የሚልበት ጊዜ የለም። ማይኩ ደግሞ የጓደኛሽን ድምፅ ከሉሙ ድምፅ አይለይም፤ ሁለቱንም ነው የሚያስገባልሽ። እኔ ራሴ ሉሞቹ መሃል ቆሜ ረጅም ሥራ ስይዝ ባትሪውን አጠፋዋለሁ። ያኔ ተራ ኢርማፍ ሆነ ማለት ነው። የጥጥ ብናኙም የማይኩን ስፖንጅ ቶሎ ይደፍነዋል።

ዋናው ግን ሂጃብሽ ነው። ኢርማፉን ከሂጃቡ በላይ ካደረግሽው ትራሱ ጨርቅ ላይ ያርፋል፣ በክፍተቱም ድምፅ ይገባል። ወፍራም የመነጽር እጀታም እንዲሁ ያደርጋል። ከሂጃቡ ሥር ካደረግሽው ደግሞ ጨርቁ ማይኩን እየነካ ቀኑን ሙሉ ይንኳኳብሻል። ኢርፕላግ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

እሽጉ ላይ ያለውን ቁጥርም እንዳለ አትመኚው። በአሜሪካ መለኪያ 25 የተጻፈበት ኢርማፍ 25 አይቀንስልሽም። ኦሻ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለጥንቃቄ የሚመክረው ስሌት 7 ቀንሰሽ የቀረውን ለሁለት ማካፈል ነው፤ 9 ይወጣል። 97 የነበረው 88 ሆነ፣ ለ8 ሰዓት ገና ብዙ ነው። 29 የተጻፈበት ኢርፕላግ በዚሁ ስሌት 11 ይወጣዋል። ከላዩ ኢርማፍ ሲደረብ የሚጨመረው 5 ብቻ ነው፣ ሁለቱ አይደመሩም። ያም ሆኖ 97 ወደ 81 ይወርዳል። ክፍላችሁ በጣም ከባድ ከሆነ መደረብ ነው፤ ተራው ኢርማፍ ማይክ ስለሌለው ትራሱ ቆዳሽን ይንካ እንጂ ሂጃቡ ከላይ ቢያርፍበት ግድ የለም። የአውሮፓው ቁጥር ለዚያው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚጻፍ ሁለቱን አታወዳድሪ።

አሁን ስፖንጁ ኖሮሽም ጆሮሽ ጭው ካለ አገባቡን እጠረጥራለሁ። ብዙዎቻችን ጫፉን ብቻ ጆሮ ደጃፍ ላይ ለጥፈን ነው የምንገባው። እጅሽን ታጠቢ። ሂጃብሽን ከመጠቅለልሽ በፊት፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እያለሽ አድርጊው። ስፖንጁን በጣቶችሽ እያንከባለልሽ ሳይታጠፍ ቀጭን እስኪሆን ጨምቂው። ለቀኙ ጆሮ ግራ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፈሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፤ ያኔ ቀዳዳው ቀና ይላል። አስገቢውና እስኪነፋ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣትሽ ያዢው። በደንብ ከገባ የራስሽ ድምፅ ጭንቅላትሽ ውስጥ ወፍሮ ይሰማሻል። ከቆሸሸ ወይም ጨምቀሽው ካልተመለሰ ጣዪው።

ብሉቱዙ አያጓጓሽ፣ ጫጫታ ላይ ሙዚቃ መጨመር ነው። ድምፅ ያጠፋል የሚባለው የሙዚቃ ሄድፎንም የሥራ መከላከያ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያውን ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሲያልቅ አዲስ ጠይቂ፣ አትፈሪ። የመስማት ምርመራም ይደረግልኝ በያቸው፣ እረፍት አድርገሽም ጭው ማለቱ ካልተወሽ ግን እነሱን አትጠብቂ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በጫጫታ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ተመልሶ አይበቅልም።

አጎትሽ መላክ ከፈለገ 29 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ኢርፕላግ በካርቶን ይላክልሽ፤ ጠባብ ጆሮ ካለሽ አነስ ያለ መጠንም ይጨምርበት። አሁን የሚሰጧችሁን እሽግ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።