ባንኮክ ለሚኖር ሐበሻ፦ የደረሱኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ባንኮክ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የመጣሁት አባቴን ላሳክም ነበር። እሱ ድኖ ተመለሰ፣ እኔ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ስለበዛ የሚመሳሰሉትን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም። የማውቀውን ያወቅሁት በአብዛኛው ተሳስቼና ተቀጥቼ ነው። ክፍያዎች ስለሚቀያየሩ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ አረጋግጡ። የኢሚግሬሽን መጠየቂያ ስልክ 1178 ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪዛህ የአንድ ዓመት ነው ተብዬ ነው የመጣሁት። ፓስፖርቴ ላይ የተመታው ማህተም ግን የሦስት ወር ነው። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ቪዛው በር መክፈቻ ነው። ስንት ቀን እንደምትቀመጥ የሚወስነው አየር ማረፊያ የሚመታልህ ማህተም ነው። የያዝከው የሥራ ቪዛ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ ያስገባሃል፤ በገባህ ቁጥር የሚሰጥህ ግን 90 ቀን ነው። ሳትወጣ ለመቆየት ኢሚግሬሽን ሄደህ ታራዝማለህ፤ ክፍያው 1,900 ባት ነው።

ቀኑ ካለፈብህ በቀን 500 ባት ትቀጣለህ፤ ከ20,000 አይበልጥም። ይህን የሰማ ሁሉ «ከፍዬ እወጣለሁ» ይላል። ችግሩ ገንዘቡ አይደለም። ከ90 ቀን በላይ አሳልፈህ በራስህ ፈቃድ ብትወጣ እንኳ አንድ ዓመት መመለስ አትችልም። መንገድ ላይ ፖሊስ ከያዘህ ደግሞ፣ ያሳለፍከው ከአንድ ዓመት በታች ቢሆንም፣ እገዳው አምስት ዓመት ነው።

ሌላም አለ። ካራዘምክ በኋላ ከአገር ስትወጣ የመመለሻ ፈቃድ ያዝ። ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው። እኔ ይህን ሳላወጣ ለወንድሜ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሠርጉ ደስ ይል ነበር። የዓመት ፈቃዴ ግን ቦሌ ሳልደርስ ሞቷል። ተመልሼ ሁሉንም ከሀ ጀመርኩ፤ አለቃዬ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ጥያቄ፦ በየ90 ቀኑ ሪፖርት ሳደርግ ቪዛዬ አብሮ ይራዘማል አይደል?

መልስ፦ አይራዘምም፣ እህቴ! ሪፖርቱ «አሁንም እዚሁ ቤት ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ቀኑ ከመድረሱ 15 ቀን ቀድሞ ጀምሮ ካለፈ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ማቅረብ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ 2,000 ባት ነው። የመጀመሪያውን በአካል ካደረግሽ ቀጣዮቹን በኢንተርኔት መጨረስ ትችያለሽ። ከዚህ የተለየ ደግሞ የአከራይሽ ግዴታ አለ፦ የውጭ ሰው ቤቱ ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። ቲ ኤም 30 ይሉታል። ውል ከመፈረምሽ በፊት «ታስመዘግባለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ፊቱን የሚያጨፈግግ አከራይ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ወደ ባንኮክ ልልካት ነው። ከቪዛው ሌላ ምን ትያዝ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቢጫ ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማ ትውሰድ። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ስትደርስ ወደ ፓስፖርት ሰልፉ ከመሮጧ በፊት ወደ ጤና ቁጥጥር መስኮቱ ትሂድ። ብዙ ሰው ረጅሙን ሰልፍ ጨርሶ ከፊት ይመለሳል። ያሳዝናል፤ በተለይ ታማሚ ሲሆን።

ሁለተኛ፣ ከሜይ 2025 ወዲህ የመግቢያ ቅጽ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ከመድረሷ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ሙሉላት። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጉት።

ሦስተኛ፣ ሆስፒታሉ የወጪ ግምቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ማዘዣውን ጠይቁና ውጭ ያለ ፋርማሲ ዋጋ አስተያዩ። የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት ለሁለት ወር ከሆስፒታሉ ስገዛ ቆይቼ ማዶ ያለውን ፋርማሲ ያየሁት በአጋጣሚ ነው። አሁንም ይቆጨኛል።

የቤተሰብ ስም የለንም ብለህ አትጨነቅ። እዚህ ማንም በአያት ስም አይጠራም። ታዮች የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ሕግ የወጣላቸው በ1913 ነው፤ እስከ ዛሬም ሐኪሙን፣ ሚኒስትሩን «ኩን» (አቶ፣ ወይዘሮ እንደማለት) ብለው በራሱ ስም ነው የሚጠሩት። እናትህ በስማቸው ሲጠሩ ቤታቸው ያሉ ይመስላቸዋል። ቅጹ ላይ ግን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሞላ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ሥራ አገኘሁ። ባንኮክ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ በወር 1,200 ዶላር፣ ትኬት በእነሱ፣ ልምድ አይጠየቅም። በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚህ እናስተካክላለን ብለውኛል። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ አትምጣ። ወንድሜ፣ በጣም ነው የምለምንህ።

ይህ መንገድ የሚያልቀው ባንኮክ አይደለም። አየር ማረፊያ መኪና ይቀበልሃል። «ቢሮው ትንሽ ወጣ ያለ ነው» ይሉሃል። ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ትደርሳለህ። ከዚያ ሞኢ የሚባል ወንዝ አለ፤ ማዶው ምያንማር ነው፣ ምያዋዲ። ከተሻገርክ ፓስፖርትህ ይወሰዳል። ሥራው በሐሰተኛ ፎቶ ሰው አፍቅሮ፣ ክሪፕቶ እያለ ገንዘብ መብላት ነው። የተባለውን ያህል ካላመጣህ ድብደባ አለ። ልውጣ ካልክ ቤተሰብህ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል።

ወሬ አይደለም። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2025 ታይላንድ ወደዚያ አካባቢ የምትልከውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት ቆረጠች። በሳምንቱ የዚያ አካባቢ ታጣቂዎች ከዚህ ሥራ የወጡ 260 ሰዎችን ወንዙን አሻግረው ለታይ ጦር አስረከቧቸው። የሃያ አገር ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ስንቱ የእኛ ልጅ እንደነበር ታውቃለህ? 138። ከግማሽ በላይ። ያን ቀን ፎቶውን ሳይ ቁርሴን መብላት አልቻልኩም።

እውነተኛ ቀጣሪ የሥራ ቪዛ ወረቀትህን አንተ ሳትነሳ ይልክልሃል። የድርጅቱን ምዝገባ ሰነድ ጠይቃቸው፤ መልሳቸውን ታየዋለህ። መኪና ውስጥ ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ ደግሞ፦ ሜ ሶት መንገድ ላይ የፍተሻ ኬላዎች አሉ። ኬላ ላይ ጩህ። 191 ፖሊስ ነው፣ 1155 የቱሪስት ፖሊስ፣ 1300 የሰው ንግድ ጥቆማ የሚቀበል መስመር። ወንዙን ከተሻገርክ በኋላ እነዚህ ቁጥሮች ብዙም አይረዱህም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሹሩባ እየሠራሁ ገቢ ላግኝ ብዬ አስቤ ነበር። የባለቤቴ ጥገኛ ሆኜ ነው የምኖረው።

መልስ፦ የፀጉር ሥራ ለታይ ዜጎች ብቻ ከተከለሉት ሙያዎች አንዱ ነው። የሥራ ፈቃድ እንኳ አይወጣለትም። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ከ5,000 እስከ 50,000 ባት ተቀጥቶ ከአገር ይወጣል። ለጓደኛሽ በነፃ ብትሠሪ ማንም አይከስሽ ይሆናል፤ ዋጋ ለጥፈሽ ቲክቶክ ላይ ማስተዋወቅ ግን ራስን ማስያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ጾም ሲገባ ምን እንበላለን? አትክልት ብዬ አዝዤ እንቁላል ጣል አድርገውበት መጣልኝ።

መልስ፦ ይህ የሁላችንም ጥምቀት ነው። «ማንግሳዊራት» ካልሽ ሥጋ አይገባም፣ እንቁላልና ወተት ግን ይገባል። የእኛን ጾም የሚመስለው ቃል «ጄ» ነው። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ግቢ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አካባቢ ዘጠኝ ቀን የሚቆይ የጄ በዓል አላቸው፤ ያኔ ከተማው በቢጫ ባንዲራ ይሞላል፣ ለጿሚ ሠርግ ነው። አንድ ጉድለት አለው፦ ጄ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም አያስገባም። ለሐበሻ ምላስ ትንሽ ይከብዳል።

ሌላ ቦታ ስትበዪ «ማይ ሳይ ናም ፕላ» በይ፤ የዓሣ መረቁን አታድርጉ ማለት ነው። የተጠበሰ ጎመን ላይ እንኳ ያንጠባጥቡታል። ዓሣ ይፈቀዳል የምትሉ ደግሞ ክርክሩን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ።

እና «እኔ በርበሬ ለምጃለሁ» ብለሽ እንዳትፎክሪ። ፕሪክ ኪ ኑ የምትባል ሚጥሚጣ የምታክል ቃሪያ አለቻቸው። ትርጉሟ የአይጥ ኩስ ነው። ስሟ አያታልልሽ፤ እኔን አስለቅሳኛለች።

ጥያቄ፦ የታይ የሥራ ባልደረባዬ «ሶንግ ቱም» እንገናኝ አለችኝ። ሁለት ሰዓት ማለት ነው ተባልኩ፤ ከቀኑ ሁለት ሰዓት ሄጄ ማንም የለም።

መልስ፦ ያ የፈረንጅ ሁለት ሰዓት ነው። አንተ የአገርህን ሰዓት ብትከተል ኖሮ በትክክል ትደርስ ነበር! «ቱም» ከማታ የሚቆጠር ነው። ኑንግ ቱም ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሶንግ ቱም ከምሽቱ 2፣ እያለ እስከ ምሽቱ 5 ድረስ ከእኛ ጋር አንድ ነው። የቀኑና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው አቆጣጠር ግን ሌላ ስለሆነ በደስታ አትዘናጋ። አገር ቤት ስትደውልም የአራት ሰዓት ልዩነት እንዳለ አትርሳ፤ እነሱ ወደ ኋላ ናቸው።

ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ታዮች በቡድሃ ዘመን ይቆጥራሉ፤ ከፈረንጁ በ543 ይቀድማል። ከእኛ ጋር 550 ወይም 551 ዓመት ይለያያል። ወተት ላይ ማብቂያው «69» ቢል 2569 ማለት ነው፤ በፈረንጅ 2026።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ፤ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ መብራቱ ግን ገደለኝ።

መልስ፦ ለአንድ ዩኒት ስንት ይቆጥሩብሃል? የመንግሥት ታሪፍ 4 ባት አካባቢ ነው። ራሱ የሚያስከፍል አከራይ 7፣ 8 ይላል። ኤፕሪል ላይ ያለ ኤሲ መተኛት ስለማይቻል ልዩነቱ በወር የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው። ቢሉ በቀጥታ ከመብራት ኃይል የሚመጣበት ቤት ፈልግ። ስትገባ የሁለት ወር ማስያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ የተለመደ ነው፤ ግድግዳውን፣ ፍራሹን፣ ኤሲውን በቪዲዮ ቅረጽ። ስትወጣ ትፈልገዋለህ።

ጥያቄ፦ ታዮች «ፋራንግ» ሲሉ እኛንም ይጨምራል?

መልስ፦ አይ፣ ነጮቹን ነው። ቃሉ የኛው «ፈረንጅ» ነው፤ ሁለቱም ፍራንክ ከሚባሉት ሕዝቦች ስም በዓረብና በፋርስ በኩል ዞረው የደረሱ ናቸው። ታዮች ዘይቱንንም ፋራንግ ይሉታል። ስለዚህ ገበያ ላይ ሴትዮዋ «ፋራንግ፣ ፋራንግ» ብትል ዞር ብለህ ሰው አትፈልግ።

ጥያቄ፦ ታይ እጮኛ አለችኝ። ቤተሰቧ ሲን ሶት አሉኝ። ቤትም በጋራ ልንገዛ ነው።

መልስ፦ ሲን ሶት ጥሎሽ ነው፣ አትደንግጥ። ሽማግሌ ይዘህ ተደራደር። በሠርጉ ቀን እንግዳ ፊት ይቆጠርና አንዳንድ ቤተሰብ ማታውኑ ለሙሽሮቹ ይመልሳል። ይመለሳል ወይ የሚለውን ግን አስቀድመህ በእሷ በኩል አጣራ።

ቤቱ ላይ ግን ቀዝቀዝ በል። የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ አይዝም። እሷ ስትገዛ ገንዘቡ የእሷ የግል ነው ብለህ እንድትፈርም ትጠየቃለህ። በስምህ የሚሆነው የኮንዶሚኒየም ክፍል ነው፤ እሱም የውጭ ዜጎች ድርሻ ከሕንፃው 49 በመቶ ካላለፈ፣ ገንዘቡም በውጭ ምንዛሪ ከውጭ ከገባ። መሬት በኪራይ እስከ 30 ዓመት ማስመዝገብ ይቻላል።

አጫጭሮቹን ልጨርስ። ቬፕ ይዤ ልምጣ? አይቻልም፣ ክልክል ነው። ስለ ንጉሡ ፌስቡክ ላይ ብቀልድስ? አንቀጽ 112 ለአንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ ላይክም ሼርም አታድርግ። ሞተር ያለ መንጃ ፈቃድ? ስትወድቅ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፣ መንገዱም በግራ ነው።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ውስጥ ቡና መቁላት ይቻላል?

መልስ፦ በረንዳ ላይ፣ በሩን ዘግተሽ። እኔ ሳሎን ውስጥ እጣን ጨምሬበት የጭስ ማንቂያው ጮኾ 24ኛ ፎቅ ድረስ ሰው በደረጃ ወርዷል። ጥበቃው ማጥፊያ ሲሊንደር ይዞ ሲገባ ረከቦቱን አየ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ ነው የሄደው።