መልስ፦ ስብሰባው ላይ ልጄ ራሱ ይገኝ ወይስ እኔ ልናገርለት?

ኦቲዝም ስላለበት የ17 ዓመት ልጅዎ ለመነጋገር ትምህርት ቤቱ እንደጠራዎትና እርሱን ይዘው መሄድ አለመሄድ እንደቸገረዎት ጽፈዋል። ይዘውት ይሂዱ!

እኔም ኦቲዝም ያለብኝ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በእርሱ ዕድሜ ስለ እኔ ሲመከር እኔ ውጭ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከፊት ወንበር እንድቀመጥ ወሰኑ። እኔን ያሠቃየኝ የነበረው ግን በመስኮት የሚገባው የባጃጅ ጩኸት ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ከፊት ወንበር አጠገብ ነበር። አንድ ሰው ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ይዤ ባልተቀመጥኩ።

ብዙ አይናገርም ብለዋል። ሐሳብ የሚገለጸው በአፍ ብቻ አይደለም። ከቀኑ በፊት አብራችሁ ተቀመጡና የሚያስቸግረውን ይጻፍ፣ ይሣል ወይም በስልክ ይተይብ። እኔ ዛሬም ወደ ቢሮ የምሄደው ጉዳዬን በወረቀት ጽፌ ነው። ሲጠየቅ ቢዘገይ ቀድመውት አይመልሱ፤ እያሰበ ነው። ይህ ለእናት ከሁሉም እንደሚከብድ አውቃለሁ።

"እንዲህ ያለ አሠራር የለንም" ካሏችሁ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 አለ። አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽና ለዚህም ድጋፍ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። አትመው ይያዙት።

ቀጠሮውንም በማለዳ ያስይዙ። በቀትር ሙቀቱና የማራገቢያው ድምፅ ተደምረው ቃል ያጠፉበታል።